የእማማ የብርጓል «እንዋጥ»

በአገራችን ሐኪም የሌለበት ቀበሌ ሞልቷል፤ መድኃኒት አዛዥ የሌለበት ቀበሌ ግን እስካሁን አላየሁም። ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ገና «ራሴን…» ከማለታችሁ የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ይጀምራሉ። ከቋጠሮው ውስጥ አንድ ነጭ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ደግሞ ከመሰንበት ብዛት መልኩን የረሳ ኪኒን አይጠፋም። «ለእኔ ሠርቶልኛል፤ ለአንተ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?» ይላሉ። ምን ይመለሳል? መዋጥ ነው።

የእነዚህ ሁሉ እመቤት፣ የጣና ዳርቻ የራስ ምታትና የወገብ ፍልጠት የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ። ታሪካቸውን ያጫወተኝ ክንዱ ነው። ክንዱ በደርግ ጊዜ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ፣ ሐይቁ አፍ ላይ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበር። ነገር ሳይገባው ከቀረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

የእማማ የብርጓልን የደም ግፊት መጀመሪያ የለካ ቀን መሣሪያው የተበላሸ መስሎት በራሱ ላይ ሞከረው። መሣሪያው ደኅና ነው።

«እማማ፣ ይህ በሽታ ድኖ የሚሄድ አይደለም፤ አብሮ የሚኖር ነው» አላቸው። «ኪኒኑን በየቀኑ ከዋጡ ዝም ይላል። ከተዉት ግን አንድ ቀን ድንገት ይጥልዎታል።»

«አብሮ የሚኖር? እንግዲያ እንደ ባል ነዋ!» አሉ እማማ። «እኔ እኮ እሱን ቀብሬ ያረፍሁ መስሎኝ ነበር።»

የወር ኪኒናቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው በታንኳ ወደ መንደራቸው ተሻገሩ። በወሩ ተመለሱ። ግፊቱ ያው ነው። ክንዱ ጨው ይቀንሱ አለ፤ ቀነሱ። ግፊቱ ያው። የሐይቁ እርጥበት መድኃኒቱን አበላሽቶት ይሆን ብሎ በብልቃጥ አድርጎ ሰጣቸው። ያው። በመጨረሻ መጠኑን ጨመረላቸው። እማማ ምርቃቱን አወረዱት፦ «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ! ባለፈው እኮ አልዳረሰልኝም።»

ክንዱ ያቺን ቃል ሰምቶ አለፋት።

በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ውሃ ሰጣቸው፤ ጣሳው ከቀኝ እጃቸው ሾልኮ ወደቀ። «ጠዋት ጠዋት ይህች እጄ እንግዳ ትሆንብኛለች» አሉ እየሣቁ። ክንዱ አልሣቀም። እጅ እንግዳ ከሆነ በኋላ ቀጥሎ እንግዳ የሚሆነው ምላስ መሆኑን፣ ከዚያም ግማሽ አካል መሆኑን ያውቃል። ከዚህ የበረታ መድኃኒት ደግሞ እሱ ዘንድ የለም። ይኸ መድኃኒት ሌላውን ሁሉ ሲያስታግሥ እሳቸውን ምን ቆርጦት ነው እምቢ ያለው?

መልሱ በእግሩ መጣ። የመንደሩ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ አዘዘ አንድ ቀን አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«ሽንት መከራዬን አሳየኝ፣ ሐኪም! ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ስለ እርሻ ኮታ ሲናገር እነሣለሁ፣ እወጣለሁ፤ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ካድሬው ሰው ፊት ‘ጓድ፣ ይህ ተቃውሞ ነው?’ አለኝ።»

«ምን ወስደው ነበር?»

«ምንም! የእማማ የብርጓልን ጉርሻ ብቻ። ሁለት ነጫጭ።»

መድኃኒቱ ትርፍ ውሃ በሽንት የሚያስወጣ ነውና ክንዱ ለጓድ አዘዘ ሽንት ምክንያት አላጣም። የእማማ ኪኒን ጓድ አዘዘ ሆድ እንዴት እንደገባ ግን ገና አልገባውም። እሑድ ጠዋት ከጓድ አዘዘ ጋር በታንኳ ተሻገረ።

እማማ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ ዙሪያቸውን ከቧል። ቋጠሮው ተፈትቷል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው «እንዋጥ!» ይላሉ፤ ሌላው ሰው ማዕድ ላይ ሆኖ «እንብላ» እንደሚለው።

«ኧረ ይባርክ፣ እማማ።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን! አንዲት ብቻ!»

በሞቴ ሲባል ማን እምቢ ይላል? መንገደኛው አፉን ይከፍታል። ስንት ጊዜ ሲባል የሰማት ይህች ቃል ክንዱን ያን ቀን ብቻ አስደነገጠችው።

«እማማ! ይህ እኮ መድኃኒት ነው!»

«ታዲያ እኔ መርዝ ሰጠኋቸው?»

«ለእርስዎ የታዘዘ ነው!»

«ሰው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? ምን ያለ ነውር ነው! ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል። ደግሞ ይኸ ሁሉ ሰው ያመዋል፤ አንተ ዘንድ የሚያሻግረው የለውም። መሬቱን ያህል ነገር ተካፈሉ ተብለን ተካፍለን የለ? እንደው አንተ ፍረድ፣ አዘዘ፤ ኪኒን ከመሬት ይበልጣል?»

ጓድ አዘዘ በዚህ ጥያቄ ላይ ከበላይ የመጣ መመሪያ ስላልነበራቸው ዞረው ታንኳቸውን ማየት ጀመሩ።

«እሺ፣ ሁለት ሁለቱስ ለምንድን ነው?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላላ!»

«የእርስዎ ድርሻስ?»

እማማ የብርጓል ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከተረፈ» አሉ።

ያን ጊዜ ክንዱ ሁሉም ነገር ገባው። እሳቸውን ትቶ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «ቀኝ እጃቸው እየደነዘዘ ነው፤ ነግረዋችኋል? ይህን ኪኒን ካልዋጡ አንድ ቀን ይወድቃሉ። መነሣታቸውን እንጃ።»

አልነገሯቸውም ነበር። እማማ ቀኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

መጀመሪያ የተነሣችው የጎረቤታቸው ሚስት ሰገነት ናት። መዳፏ ላይ ሳትዋጥ የቀረችውን ኪኒን ይዛ እፊታቸው ተንበረከከች። «ይጉረሱ፣ እማማ።»

«ተይ፣ አንቺ ልጅ፤ ለወገብሽ ብዬ ነው የሰጠሁሽ።»

«በሞቴ!» አለች ሰገነት። «ልጆቼን ስቀብር!»

እማማ የብርጓል ዕድሜ ልካቸውን በዚህች ቃል የሰው አፍ ሲያስከፍቱ ኖረዋል፤ አሁን የራሳቸው ተከፈተ። እንባቸውም አብሮ መጣ። ሰው ሁሉ ሆ ብሎ ተነሣ፤ ያልዋጠ ሁሉ የያዛትን ኪኒን ይዞ ሊያጎርሳቸው ይጋፋል። «አንድ ያጣላል!» ይላል አንዱ፤ «የእኔንም፣ በሞቴ!» ይላል ሌላው። ክንዱ እጁን ዘርግቶ መሀል ገባ፦ «አንድ ብቻ! ለዛሬ አንድ ብቻ! ልትገድሏቸው ነው እንዴ!»

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ተራ ገባ። በየጠዋቱ ባለተራው መጥቶ ያጎርሳቸዋል፤ ውጠው አፋቸውን ከፍተው እስኪያሳዩ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ግፊቱም ቀስ በቀስ ወረደ፤ እጃቸውም ጣሳ መጣል ተወች።

የወረደውን ግፊት የለካ ቀን ክንዱ ደስ ብሎት ሊሸኛቸው ወደ ውጭ ብቅ ቢል፣ ሐይቁ ዳር ታንኳ በታንኳ ላይ ተደርድሯል። የክሊኒኩ ዛፍ ጥላ ሥር ያልተቀመጠ የመንደሩ ሰው የለም፦ ሰገነት ከነወገቧ፣ ዓይኑ የሚያለቅስ ሽማግሌ፣ ስትስል ክረምት ከበጋ የከረመች ሴት፣ ፊት ለፊት ደግሞ ጓድ ሊቀ መንበር አዘዘ።

«ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው፣ እማማ?»

«መድኃኒቱን ለብቻዎ አልኸኝ፤ እሺ አልሁ» አሉ እማማ የብርጓል። «ሐኪሙን ግን ብቻዬን አልበላም።»

ክንዱ እስኪመሽ ሲለካና ሲያዳምጥ ዋለ። የጓድ አዘዘ ደም ግፊት እውነትም ከፍ ብሎ ተገኘ። «አላልሁህም፣ አዘዘ?» አሉ እማማ፤ ምንም እንዳላሉ እያወቁ።

ዛሬ ያ አብሮ ኗሪ በሽታ እኔም ቤት ገብቷል። ሐኪሜ የተማረ ነው፤ መድኃኒቴም በሚያምር ብልቃጥ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት አንዷን ኪኒን መዳፌ ላይ አድርጌ ውሃዬን አነሣለሁ። አፌ ሳላደርሳት ግን ወደ በሩ ዞር እላለሁ። ማንም እንደሌለ እያወቅሁ፣ ቀስ ብዬ «እንዋጥ» እላለሁ።