ከነአስጎብኚው የተሸጠ ቤት

በየከተማው ቤትዎን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ግድግዳው ሲቆም ድንጋይ ያቀበለው ማን እንደሆነ፣ የትኛው በር ሲጢጥ እንደሚል፣ የትኛው ምስማር እንደጎበጠ ጠንቅቆ ያውቃል። ቤቱን ቢሸጡት እሱ አይሸጥም፤ ቢያጥሩት ከአጥሩ ውስጥ ይገኛል። በቀየት ከተማ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ወዳጆ ናቸው። ቤቱን የገዛችው ደግሞ የትምወርቅ ናት። ምስኪን፣ የገዛችው ቤት ብቻ መስሏት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮጀክት ከዓመታት በፊት ወደ ቀየት መጣና ሰው እያየ እንዲማርበት ብሎ ማሳያ ቤት ሠራ። አገሬው "ሞዴሉ" አለው። ከራቤልም፣ ከጓሳ ተራራ ሥርም ሕዝብ በቡድን በቡድን እየመጣ ጎበኘው። ጋሽ ወዳጆ የተቀጠሩት ለዘበኝነት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት አስጎብኚ የመንዝን ብርድ ሁለት ሳምንት ቀምሶ ሲጠፋ ግን፣ ማንም ሳይሾማቸው ከበሩ ዘበኝነት ወደ ሳሎኑ ገለጻ ተሻገሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አስጎበኙ። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ቤቱ በጨረታ ተሸጠ፣ የጋሽ ወዳጆም ደመወዝ ቆመ። ጉብኝቱ እንዲቆም ግን ማንም በጽሑፍ አላዘዛቸውም።

የትምወርቅ አዋላጅ ነርስ ናት። ከመምህሩ ባሏ ከአፈወርቅ ጋር ዘጠኝ ዓመት የኖረችው በኪራይ ቤት ነው። ከአከራዮቿ አንዷ ሳታንኳኳ ገብታ የድስቷን ክዳን ከፍታ "ዛሬ ደግሞ ሽሮ ነው?" የምትል ነበረች። ስለዚህ የትምወርቅ ከዚህ ዓለም የምትመኘው ነገር ቢኖር ከውስጥ የሚቀረቀር የራሷ በር ነበር። ሞዴሉን የገዛችው ለዚህ ነው።

ማሳያ ቤት መግዛት ጥቅም የለውም አይባልም። ቀለሙ ተቀብቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ አበባው በቅሎ ይጠብቃል፤ ሰው ሻንጣውን ብቻ ይዞ ይገባል። አድራሻ ማስረዳት የለም። "ሞዴሉ ጋ" ካሉት የባጃጅ ሹፌሩ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ግድግዳው የደህና አናጺና የደህና ግንበኛ እጅ ያረፈበት የጥቁር ድንጋይ ሥራ ነው፤ የጓሳ ነፋስ ክረምቱን ሙሉ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም።

ጉዳቱ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው። ክፍሎቹ ሰፋ ብለው እንዲታዩ ተብሎ የውስጥ በሮቹ ከመነሻው አልተገጠሙም፤ መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር። አልጋውም ክፍሉን እንዳያጣብብ አጠር ተደርጎ ስለተሠራ፣ ረጅሙ አፈወርቅ ለእግሩ ለብቻው በርጩማ እያዘጋጀለት ይተኛል። በገቡ ዕለት ምድጃውን አቀጣጥለው በጭስ ታፍነው ሲወጡ፣ አፈወርቅ መሰላል ጠይቆ ጣሪያው ላይ ወጣ። የጭስ ማውጫው ቆርቆሮው ላይ በምስማር ተመትቶ ተቀምጧል፤ ወደ ውስጥ የሚወርድ ቀዳዳ ግን የለውም። ከመንገድ ሲያዩት በጣም ያምራል።

ይህን ሁሉ የትምወርቅ ችላው ነበር። ያልቻለችው ጋሽ ወዳጆን ነው።

በገቡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሳ ላይ ሳሉ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ወዳጆ አሥራ አራት ሰው አስከትለው ገቡ።

"እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል" አሉ፣ በዱላቸው ወደ ገበታው እያመለከቱ። "ይህ የመመገቢያ ክፍል ነው። እንደምታዩት፣ ሰው ይመገብበታል።"

አሥራ አራቱም አዩ። አፈወርቅ ጉርሻውን መዋጥም መመለስም አቃተው።

"ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ተሸጧል!" አለች የትምወርቅ።

"ነግሬያቸዋለሁ፣ ልጄ! በፊት ባዶውን ነበር የምናሳየው። አሁን ሰው ገባበት፣ ሞዴሉ ገና አሁን ተሟላ!"

ከዚያ በኋላ ያልመጣ የለም። አንድ እሑድ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው መጥተው የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ፎቶ ተነሡ። ፎቶ አንሺው የትምወርቅን "እቴ፣ ከነድስትሽ ትንሽ ፈቀቅ በይልን" አላት። አፈወርቅ ቬሎ ይዞ ነው የዋለው። የጎብኚዎች መዝገብም አለ፤ ጋሽ ወዳጆ በብብታቸው ይዘውት ይዞራሉ። የአስተያየቱን ዓምድ የትምወርቅ አንድ ቀን ሰርቃ አነበበችው። "ቤቱ ግሩም ነው፤ የወጡም ሽታ ጥሩ ነበር" ይላል አንዱ። ከሥሩ ያለው ደግሞ "ባለቤቲቱ ትንሽ ቁጡ ናት፤ ወደፊት ቢሻሻል" ይላል።

አንድ ጊዜ ጨከነችና በሩን ቀረቀረች። ጋሽ ወዳጆ አልተቆጡም፣ አላንኳኩም። "ልብስ እየቀየረች ይሆናል፣ እንታገሥ" ብለው ከእንግዶቻቸው ጋር ደጅ ቆሙ። በመስኮት አጮልቃ ስታይ ከጓሳ ማዶ በእግራቸው የመጡ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች በነፋሱ ተጠብሰው፣ አንዱ የሌላውን ጋቢ እየሰበሰበ ይጠብቃሉ። ተሳድባ ከፈተች፤ እየተነጫነጨችም ጠላ ቀዳችላቸው።

የመጨረሻው ግን የዕንቅልፉ ነገር ነው። ሌሊቱን ሦስት ሴቶች አዋልዳ፣ ረፋዱ ላይ ቤቷ ገብታ ወደቀች። ዓይኗን ስትገልጥ አልጋዋን ዙሪያውን ሰው ከቦታል፤ ባርኔጣውን ያወለቀም አለበት።

"ይህ መኝታ ክፍል ነው" ይላሉ ጋሽ ወዳጆ በሹክሹክታ። "የተኛችው ባለቤቲቱ ናት። ሥራ ላይ አድራ ነውና ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ።"

ያን ዕለት ማታ የትምወርቅ አለቀሰች። "ይሸጥ" አለች። አፈወርቅ ለጋሽ ወዳጆ "ከእንግዲህ አይምጡ" ብሎ የሚነግር አንደበት አልነበረውም፤ ሽማግሌ ከደጅ መመለስ ቤት ከመሸጥ ይልቅ ከበደው። ስለዚህ ይሸጥ ተባለ።

ገዢ ለመገኘት አልዘገየም። አቶ ማዕረግ የሚባል ነጋዴ ከደብረ ብርሃን በመኪና መጣ። አፈወርቅም በሒሳብ አስተማሪ ጭንቅላቱ አስቦ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፦ በዚህ አገር ይህን ቤት አሳምሮ የሚያስጎበኝ ከጋሽ ወዳጆ ሌላ ማን አለ? ሄዶ ለመናቸው። ጋሽ ወዳጆ ሰሙት፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተከተሉት።

አቶ ማዕረግ ጭቃ የያዘ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሐል ቆመ። የትምወርቅ ጥግ ይዛ እጇን አጣምራለች።

"እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል" ብለው ጀመሩ ጋሽ ወዳጆ። "የውስጥ በር ይታይዎታል?"

"አይታየኝም።"

"የለማ! ሽንት ቤት የገባ ሰው ከሳሎን ጋር እየተጫወተ ነው የሚወጣው።"

አፈወርቅ ሳል ያዘው። ጋሽ ወዳጆ ቀጠሉ። በእነ የትምወርቅ ፊት አንዲት እንከን ከአፋቸው ወጥታ የማታውቅ ሰው፣ የጭስ ማውጫውን ገለጡ፣ አልጋውን በክንዳቸው ለክተው አሳዩ፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ የሚወርደው ከሥሩ ወደ ተደበቀው ባልዲ መሆኑን መጋረጃውን ከፍተው አረጋገጡ። ሁለት የመብራት ማብሪያዎች ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተለጠፉ መሆናቸውንም ቀጭ ቀጭ አድርገው አስመሰከሩ። "ይህ ትልቁ መስኮት ደግሞ" አሉ በመጨረሻ፣ "የተሠራው ለቆላ ነው። ኅዳር ላይ እዚህ የተቀመጠ ሰው ጥርሱን ይቆጥራል።"

"እውነት ነው?" አለ አቶ ማዕረግ ወደ የትምወርቅ ዞሮ።

የትምወርቅ ፊቷ ቀላ። ቤቷ በሰው ፊት ሲዋረድ እንዲህ ያንገበግበኛል ብላ አስባ አታውቅም።

"ቢሆንስ?" አለች። "በር ይገጠማል! መስኮቱም ወፍራም መጋረጃ ይደረግለታል። ጠዋት በዚያ መስኮት ፀሐይ ስትገባ አይተዋል? ወለሉ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል? ግድግዳውን መታ ያድርጉት እስቲ! እንዲህ ያለ ግንብ ደብረ ብርሃን አለ?"

"እንዲህ ከወደድሽው ለምን ትሸጪዋለሽ?"

የትምወርቅ አፏን ከፈተች። ምክንያቱ ዱላውን ተደግፎ እዚያው አጠገቧ ቆሟል። በፊቱ እንዴት ትናገረው?

"አልሸጥም" አለች።

አቶ ማዕረግ ቀኑን ያቃጠሉበትን ሰዎች አንድ በአንድ አይቶ፣ ጭቃውን ትቶላቸው ሄደ። አፈወርቅ ሊሸኘው ወጣ። የትምወርቅ ወደ ጋሽ ወዳጆ ዞረች።

"እኛ ስንገዛው ይህ ሁሉ ጉድ የት ነበር?"

"እዚሁ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

ጋሽ ወዳጆ መሬት መሬት አዩ። "ለሌሎቹ ሁሉ ነግሬያለሁ። በጨረታው ሰሞን ሊያይ ለመጣው ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነግሬያለሁ። የጨረታው ሳጥን ሲከፈት የእናንተ ፖስታ ብቻውን የተገኘው ለምን ይመስልሻል?"

"ለእኛ ብቻ ደበቁን?"

"አንቺ እንድትገዢው ፈልጌ ነበራ። ሦስት ዓመት ሰው ሳስገባ አንዱ ስለ ቆርቆሮው ይጠይቀኛል፣ አንዱ ስለ ምድጃው፣ አንዱ ለእኛስ መቼ ነው የሚሠራልን ይላል። አንቺ የመጣሽ ዕለት ወለሉን አየሽና 'ይህ ሁሉ ሰው የሚረግጠውን ማነው የሚያጥበው? ወገቡን አያመውም?' አልሽ። የማጥበው እኔ ነበርኩ።"

የትምወርቅ እንዲህ ማለቷን ፈጽሞ አታስታውስም። ነርስ ናት፤ ስለ ወገቡ የምትጠይቀው ሰው ብዙ ነው። እኚህን ሽማግሌ እንደምትወዳቸውም እዚያው ቆማ ታወቃት፣ ታወቃትና ደግሞ ተናደደች።

"አሁንስ?" አለች። "ያምዎታል?"

"ስቆም ስቆም ያመኛል።"

ወንበር ስባ ሰጠቻቸው። በዚያ ቤት ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መስኮቱን ገና ዛሬ እንደ መጣ እንግዳ ዙሪያውን ቀስ ብለው አዩ።

"ቤትሽ ደስ ይላል" አሉ።