የዓለሙ ድንኳንና ሽንት ቤቱ ጋ ያለችው ሳይት

ቶሮንቶ ውስጥ ያለ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርዱ ቢበላሽ፣ ፓስተሩ እረፍት ቢወጣ፣ ካምፕ አዘጋጅ ግን አይጠፋውም። ይሄ ሰው አልተመረጠም፣ አልተሾመም። ውጭ በረዶው ጉልበት እየዋጠ አንድ እሁድ ብድግ ብሎ «እስቲ የሰመሩን ካምፕ ነገር እንነጋገር» ይላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እሱን የሚያወርደው ሞት ብቻ ነው።

የኛው ክቡር አቶ ዓለሙ ይባላል። እኔ የድንኳን ሚኒስትር ነው የምለው። አዘቦቱን ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ እሁድ እሁድ በር ላይ ቆሞ ሰው ያስቀምጣል። የቀረውን ዕድሜውን ለድንኳን ሰጥቷል። አንዴ ኖርዝ ዮርክ ቤቱ ብሄድ፣ አሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኑ መሀል ድንኳን ተክሎ አገኘሁት።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ዚፑን እየፈተሽኩ ነው፣ ጋሼ።»

ሚስቱ መቀመጫ ብታጣ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሰላምታዬን ከውስጥ ሆና ነው የመለሰችልኝ።

እኔን እንግዲህ ስለ ውጭ ማደር የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም። አሰብ መንገድ ላይ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው የነዳሁ ሰው ነኝ። ሚሌ ላይ መኪናዬ ሥር ተኝቼ፣ ጅብ መጥቶ ጎማዬን አሽትቶ፣ የማን መኪና እንደሆነ ሲገባው ይቅርታ ብሎ ነው የሄደው። ሎጊያ ላይማ... እሱ ይቅር፣ እባብ አለበት፣ ሴቶችም ያነቡታል። ብቻ ያኔ መኪናህ የቆመበት ቦታ ሳይትህ ነው። አሁንም ቢሆን ያው ነኝ። ጉልበቴ ትንሽ ያዝ ያደርገኛል፣ እሱ የዚህ አገር ብርድ ነው። ሐኪሙ የሰጠኝ የደም ግፊት ኪኒንም ሌሊት አስሬ ለሽንት ያስነሳኛል፣ ግን ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

ወደ ዓለሙ ልመለስ። ካናዳ ውስጥ ዛፍ ሥር ለመተኛት ከአምስት ወር በፊት ኢንተርኔት ላይ መጋፋት አለብህ። አንድ ሳይት፣ አንድ የድንኳን ቦታ ማለት ነው፣ ደግሞ ከስድስት ሰው በላይ አይፈቀድበትም። ሐበሻን እንግዲህ ስድስት ላይ ቁረጠው! የኛ ሰው ደሞ አልመጣም አይልም፣ ያስቀይማላ። ዓለሙ ግን የሰዉን ቋንቋ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። «በጸሎት አስብበታለሁ» ያለ አይመጣም። «ሺፍቴን ልይ» ያለ ቢመጣ ቢመጣ ለምሳ ነው። «እኛ ነና ቀዳሚዎቹ!» ያለው ዋዜማው ላይ ስልኩን ያጠፋል። ዝም ያለው ነው አማቱንና ትናንት ከአገር ቤት የገባውን ያጎቱን ልጅ ጭኖ ከች የሚለው። ስለዚህ ዓለሙ ለዝምተኞቹ ትርፍ ሳይት ይይዛል።

«ፕላን ሀ አለ፣ ፕላን ለ አለ። ፕላን ሐ ዝናብ ነው» ይላል። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣም ይላታል።

አንድ አመል ብቻ አለው፣ ሰዉን ያስመረረ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ሐይቁ እያለ፣ ጥላው እያለ፣ ሁሌ ሽንት ቤቱ አጠገብ ነው የሚይዝልን። በሩ ጧ ይላል፣ መብራቱ ድንኳን ውስጥ ይገባል። ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። ከአገልግሎት በኋላ ምድር ቤት ተሰብስበን ሳለ ነርሷ ተናኘ ተነሳች።

«ወንድም ዓለሙ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሽንት ቤት ሳደርስ ነው የምውለው። ለእረፍቴም ደጃፉ ላይ ልደር?»

«ለሁሉም ይቀርባል ብዬ እኮ ነው፣ እህቴ።»

«መቃብርም ለሁሉም ይቀርባል።»

ሰዉ ሳቀ። ልጇ ፌበን ከስልኳ ቀና አለች። «አንክል ዓለሙ፣ ጀስት ሌክሳይድ። ዋን ታይም።» አንዴ እንኳ ሐይቁ ዳር ይሁን ማለቷ ነው።

«ዘንድሮም እዚያው ከሆነ» አለች ተናኘ፣ «እኛና ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ለብቻችን ቡክ እናደርጋለን። ከአሁኑ እወቀው።»

ዓለሙ ፊቱ ጠቆረ። አራት ቤተሰብ ከሄደ የቀረው ካምፕ አይባልም፣ ልቅሶ ቤት ነው። እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልበት፣ ገባሁበት።

«ልጆቹ እውነታቸውን ነው! ወንድ ልጅ ዱር ወርዶ የሽንት ቤት አምፖል ሲያይ ያድራል? እኛ ሚሌ ላይ...»

ዓለሙ ዞሮ አየኝ። ከዚያ «እሺ፣ ጋሼ» ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ፕላን ያለው ሰው አንድም ሳያወጣ።

የቡኪንጉ ቀን ገና ሳይነጋ ሁለት ላፕቶፕና ያገኘውን ስልክ ሁሉ ደርድሮ ሐይቁ ዳር ያሉትን ተከታታይ ሳይቶች ለቀም አደረጋቸው። የካምፑ የስልክ ግሩፕ ላይ «ተባረክ» ዘነበ። ተናኘማ ልብ ላከች። ፌበን ካርታውን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ውሃው ድንኳኑ እግር ሥር ነው። ሽንት ቤቱ የታለ ብላት ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ገፋችው። ዳገት ነው፣ የዛፍ ሥር የተንጋደደበት።

«ናይስ፣ ራይት?» አለችኝ።

«በጣም ናይስ» አልኳት።

በማግስቱ ዓለሙ ኮል አደረገልኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ልመዝግብ አይደል?»

«እስቲ በጸሎት አስብበታለሁ» አልኩት።

ከማን ጋር እንደማወራ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ችግር ገጥሞኛል» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ለዝምተኞቹ ትርፍ ሳይት ልይዝ ብል ሐይቁ ዳር አለቀ። ያገኘኋት ያችኑ ሽንት ቤቱ ጋ ያለችውን ነው። ያው ዝምተኞቹ ሲመጡ ታች ሐይቁ ዳር በሚቀሩት ሰዎች ቦታ ይጠጋጋሉ፣ ሳይቷን እኔ እይዛታለሁ። ግን ድብ አለ ይላሉ። ብቻዬን ማደር እፈራለሁ።»

ዓለሙ እኮ በር የሚያህል ሰው ነው። ሲያስነጥስ ፎርክሊፍቱ ይነቃነቃል። ይሄ ሰው ነው እፈራለሁ የሚለኝ።

«ድብ ምን አላት?» አልኩት። «እኔ ሚሌ ላይ...»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ጅቡ ይቅርታ ብሎዎት የሄደው።»

«እንደዚህ ከሆነማ ብቻህን አልተውህም። ጻፈኝ።»

«ተባረኩልኝ» አለ፣ እውነትም ትልቅ ነገር እንዳደረግኩለት ሁሉ።

ባለፈው ቤቱ ሄጄ ድንኳኑን አየሁት። ሳሎኑ መሀል እንደቆመ ነው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። የኔን ፍራሽ በሩ ሥር አንጥፎታል፣ ወፈር ያለውን። ሚስቱ ወጥታ ቦታ ለቀቀችልኝና ገብቼ ጋደም አልኩ። ዚፑ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ይከፈታል፣ ፈትሾታል ማለት ነው።

«በሩን ወደየት እናዙረው፣ ጋሼ?» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «ወደ ሐይቁ ነው ወደ መብራቱ?»

«ወደ መብራቱ አድርገው» አልኩት። «ድቧ ስትመጣ በደንብ እንድትታየኝ።»