ዲስፓሬጅ የተባለው ግስ እጅ ስለ ሰጠበት ቀን

የደብዳቤ ጸሐፊዋ እትዬ ብዕር በጠረጴዛቸው ላይ በነገሡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በዘመነ ማተሚያ፣ ይኸውም ማተሚያው ወረቀት ማኘክ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ በወንበር ፋብሪካው ቢሮ ጠቡ ከጦፈ ሰዓት አልፎት ነበር። የጠቡም ምክንያት ከባሕር ማዶ ደንበኛ የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነበር፤ ቃሉም፦ «ወንበሮቻችሁን ለማየት በመጣሁ ጊዜ አናጢያችሁ በፊቴ ዲስፓሬጅ አድርጓቸዋል፤ ምክንያቱን ካልሰማሁ ሁለት መቶውን አልረከብም።»

ግሱን የሚያውቅ አልተገኘም። ሥራ አስኪያጁ፣ ቁጣው ቀድሞት ቢሮ የሚገባው፣ መስበር ነው ብሎ ፈረደ፤ የመጋዘን ኃላፊው መስረቅ ነው አለ፤ ለእንግዳ አስተርጓሚም የሆነው ሹፌር ነውር ቃል ስለሆነ በሴቶች ፊት አልፈታውም ብሎ ኮራ። ከዚህም በኋላ ሥራ አስኪያጁ አዋጅ አስነገረ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉን አናጢ አባባ መጋዝ ወንበራችንን ዲስፓሬጅ አድርገውብናል። ምን እንደሆነ ባላውቅም ደግ ነገር አይመስልም። እስከ ምሳ ድረስ ለደንበኛው የሚሆን መልስ ካልተገኘ መሣሪያቸውን ያስረክቡ።»

አባባ መጋዝም በሩ ሥር ቆመው፣ ጥፋታቸውን ሊያምኑ ቢወዱም የትኛው እንደሆነ ጠፋቸው።

ያን ጊዜ እትዬ ብዕር፣ አፈ ቁጥቧ፣ ነገር ሳያላምጡ የማይውጡት፣ ተነሥተው ዘመቱ፤ ተከትለዋቸውም ተላላኪዋ ማስመሪያ ይዛ፣ ሒሳብ ሹሙ መነጽሩን ይዞ፣ የጥበቃው አለቃ ምንም ሳይዝ ሄዱ። የመዝገቡ ቁም ሣጥን፣ በአናጢዎች ቤት ተሠርቶ አንድ እግሩ ያጠረው፣ በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ላይ ቆሞ ነበር። ሦስቱ ቁም ሣጥኑን አነሡ፤ እትዬም መጽሐፉን ማረኩ። አቧራውን አራግፈው ባነበቡ ጊዜ ግሱ መስበርም መስረቅም ሳይሆን አንድን ነገር ከዋጋው በታች አውርዶ መናገር፣ ማጣጣል ሆኖ ተገኘ።

አባባ መጋዝም ይህን ሲሰሙ በጉባኤው ፊት አወጁ፦ «እንግዲያስ አድርጌዋለሁ። እንግዳው ወንበሩን እየዳበሰ ሲያደንቅ አፈርኩና፣ ኧረ ምኑም አይደል፣ የእንጨት ቁራጭ ነው አልኩ። ሰው የገዛ እጁን እንዴት ያወድሳል፣ ልጆቼ? ይሄ ሹፌር ደግሞ አንዲት ቃል ሳያስቀር አደረሰልኝ።»

ሹፌሩም ጣሪያውን ተመለከተ።

ግሱን ማወቅ አዛውንቱን ይባስ ጥፋተኛ አደረጋቸው፤ ሰዓቱም ወደ ምሳ ገሠገሠ። እትዬ ብዕር ግን ሦስት ወረቀት ቀደው፣ በአራተኛው ላይ በእንግሊዝኛ የሚከተለውን ጽፈው በኢሜይል ላኩ፦ «እውነት ነው፤ አናጢያችን ወንበሩን ዲስፓሬጅ አድርገዋል። ዲስፓሬጅ የሚያደርጉት የራሳቸውን ሥራ ብቻ ነው፤ የሌላውን ሲያዩ ዝም ይላሉ። የጎደለ ወንበር ሲገጥማቸው ሰብረው ያነዱታል እንጂ ለእንግዳ አያሳዩም።»

ምሳ ሳይደርስ መልሱ በኢሜይል ገባ፦ «ሁለት መቶው ይላክ። አናጢው የሚያጣጥሉት ሌላ ዕቃ ካለም ላየው እወዳለሁ።»

እነሆ፣ እትዬ ብዕር ጦር ሳይሰብቁ፣ ድምፅ ሳያነሡ፣ ባዕዱን ግስ ማርከው በቦታው ያቆሙ፣ የቁጡን ፍርድ ያበረዱ፣ ስመ ጥር ናቸው፤ ወንበር ያለው ተቀምጦ፣ የሌለውም ቆሞ ያመስግናቸው ተብሎ ታወጀ፤ ሥራ አስኪያጁም መጀመሪያውኑ እንዲህ እንደጠረጠረ ተናገረ፤ ቢሮውም በጭብጨባ ተናጋ፤ በዚያው መካከል አባባ መጋዝ በሩን ቀስ ብለው ከፍተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።