ዳቦ በልቶ ሽንት መስጠት

[አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ፣ የአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል። አሸብርና ቶሎሳ የትራክ ሹፌርነት ሥራ አግኝተው ለድራግ ቴስት፣ ማለትም ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ ሽንት ሊሰጡ ተራ ይጠብቃሉ። ቶሎሳ ዳቦ ይበላል።]

አሸብር፦ ትፋው!

ቶሎሳ፦ ምን አረግኩህ?

አሸብር፦ ዳቦውን ነው የምልህ! ዳቦ በልተህ ሽንት ልትሰጥ? ሥራው ይቅርብኝ ካልክ ንገረኝ!

ቶሎሳ፦ ኧረ ዘውዴ ናት የጋገረችልኝ። ሚስቴ መርዝ ትሰጠኛለች?

አሸብር፦ እርሾ አለበት?

ቶሎሳ፦ ከሌለበትማ ድንጋይ ሆነ።

አሸብር፦ አለቀልህ! ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ። ሞርፊን የሚወጣበት ፖፒ የሚባል አበባ አለ። ሳይንቲስቶቹ ጂኑን ወስደው እርሾ ውስጥ ከተቱት። አሁን እርሾው ስኳር እየበላ የሕመም ማስታገሻ ይሠራል። ቴስቱ የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው!

ቶሎሳ፦ [ዳቦውን እያገላበጠ] ታዲያ የጥርሴን ሕመም ለምን አላስታገሰልኝም?

አሸብር፦ ዶዙ ትንሽ ስለሆነ ነዋ!

ቶሎሳ፦ ግን እሱ የላብራቶሪ እርሾ ነው አይደል? የዘውዴ ፍሪጅ ውስጥ ማን ገብቶ ጂን ከተተ?

አሸብር፦ እርሾ ይጋባል! እኛ ሰፈር፣ ስኮትዴል ያሉት ሴቶች ሲዋዋሱ አላየህም? አንዱ ቤት ከገባ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ቶሎሳ፦ እንዲህ ከሆነማ ስኮትዴል ደንዝዞ ይተኛ ነበር። እሁድ ዕድር ላይ ወንበር ሊወራወሩ ምንም አልቀራቸውም!

አሸብር፦ አንተ ሳይንስ አይገባህም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ዳቦም እንጀራም አልነካሁም። ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

ቶሎሳ፦ ውይ አሹዬ! በምን ቆምክ ታዲያ?

አሸብር፦ [በኩራት ከኪሱ ብስኩት እያወጣ] በዚህ! እርሾ የሚባል አልነካውም። ጠዋትም ማታም እሱን ነው። ጥቁር አዝሙድ ስለነሰነሱበት ይጥማል።

ቶሎሳ፦ [አንዷን ፍሬ በጥፍሩ አንስቶ] ይሄ ጥቁር አዝሙድ ነው? ደቀቀብኝ።

አሸብር፦ የአሜሪካ ነዋ!

ቶሎሳ፦ [ፓኬቱን ገልብጦ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ] ዱቄት... ጨው... የፖፒ ፍሬ። አሹ፣ አበባው ማን ነበር ያልከኝ?

[አሸብር ፓኬቱን ይነጥቀዋል። ያነባል። እንደገና ያነባል።]

ቶሎሳ፦ ልጅየውን ፈርተህ ሸሽተህ እናትየዋን ነው የበላኸው!

[በሩ ተከፍቶ ነርሷ «አሸብር!» ብላ ትጣራለች።]

አሸብር፦ [ቶሎሳ ጆሮ ሥር ተለጥፎ] ቶሎሳዬ፣ በናትህ... ከሽንትህ ትንሽ አካፍለኝ።