ማንም ያልጨመረው ፏፏቴ

ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በዚህች ከተማ አንዳች ነገር ያደረገ ሰው የለም፤ ሁሉም ነገር «ተደርጓል»። የዚህ ጥበብ ሊቀ ሊቃውንት ደግሞ ክቡር የከተማዋ አዲስ ፓርክ ግንባታ ኃላፊ ናቸው፤ ሠራተኞቻቸው በር ዘግተው «አቶ ተደርጓል» የሚሏቸው።

ቤታቸው ውስጥ ብርጭቆ ከእጃቸው ሲያመልጥ «ተሰብሯል» ብለው ያስታውቃሉ።

«ራሱን ነው የሰበረው፣ አንተ ሰውዬ?» ትላለች ሚስታቸው መጥረጊያ እያነሣች።

«ጉዳዩ ይጣራል።»

ፓርኩም እንዲሁ ነው። በጀቱ «ከፍ ብሏል»፤ ጊዜው «ተራዝሟል»፤ ፏፏቴ «ተጨምሯል»፤ አግዳሚ ወንበሮቹ «ቀርተዋል»። ምስኪኖች፣ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል።

የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ማይክሮፎኑን ይዘው መድረክ ላይ ወደተቀመጡት አቶ ተደርጓል ዞሩ።

«ልጄ፣ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ መቀመጫ እንኳን የለንም። ፏፏቴውን ማን ጨመረው?»

«እናቴ፣ ቀደም ሲል እንደተገለጸው ተጨምሯል።»

«እኔ ስንቱን አዋልጃለሁ፤ ያለ እናት የተወለደ አላየሁም። ማን?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከአቶ ተደርጓል ጎን የተቀመጡት አለቃቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «የፓርኩ አትክልተኛ ነው በል። ውሃ ውሃ እያለ ነዝንዞን ነው በል። ነገ እናሰናብተውና ነገሩ ይበርዳል።»

አትክልተኛው ከኋላ ቆሟል፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ። አቶ ተደርጓል አዩት። አላየሁትም ለማለት ፈለጉ፤ ግን አይተውታል።

«ስህተቱ የተ... የተ...» ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ነኝ! እሱ የለመነን አንዲት ቧንቧ ነው። ፏፏቴውን የጨመርኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ። ሲመረቅ በቴሌቪዥን ያምራል ብዬ።»

አዋላጇ፣ እንደ ጥንት ሥራቸው፣ «እሰይ! ወንድ ነው!» አሉ።

በማግስቱ «ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማን እንዳነሣቸው አልተገለጸም። ለአለቃቸው ሌላ ፓርክ «ተሰጥቷል»።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ አቶ ተደርጓልን ደረቁ ፏፏቴ ጠርዝ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ ወንበር የለማ! አትክልተኛው የውሃ ጎማውን እየጎተተ ያወጋቸዋል። መስደብ ከፈለጋችሁ ስደቧቸው፤ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብለው ይሰሟችኋል፣ ቦታም ይለቁላችኋል። ብቻ አደራ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ትናንት እናንተ ቤት «የተሰበረውን» ብርጭቆ ማን እንደሰበረው...