በስሜ የቆመች ባኪ

ሰው በስሙ የሚሠራውን ሁሉ አያውቅም። እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን ስማችን ይዞራል፤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከማናውቀው ሰው ጋር ይጣላል። ሲመለስም የት እንደዋለ አይነግረንም። የእኔ ስም ለምሳሌ፣ በዚያ የወረርሽኝ ዘመን እኔ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ እስከ ደረጃው እንኳ ለመውረድ ስፈራ፣ እሱ ጆሃንስበርግ ውስጥ በየቀኑ መኪና እያቆመ ይቀጣ ነበር።

መኪና መንዳት አልችልም። ይህን የምናገረው አፍሬ ሳይሆን ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ነው። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ወድቄአለሁ፤ ሁለተኛው ፈታኝ ከመኪናው ወርዶ ጥቂት ከተነፈሰ በኋላ፣ ያልፈቀደልኝ እኔን ጠልቶ ሳይሆን ለከተማዋ አዝኖ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ሆኖም የአንዲት ነጭ ባኪ ባለቤት ነኝ። እኛ ፒክአፕ የምንላትን፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን መኪና ነው እዚህ አገር ባኪ የሚሏት።

ባለቤት ያደረገኝ ማቴዎስ ነው። ማቴዎስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ዳቬይተን ውስጥ፣ እኛ ሐበሾች በጅምላ «ሎኬሽን» ከምንላቸው ሰፈሮች በአንዱ፣ ስፓዛ አለው። ስፓዛ ማለት ከዳቦ እስከ ሻማ የምትሸጥ የጓሮ ሱቅ ናት። የተዋወቅነው አንድ ሠርግ ላይ ሲሆን፣ ዶክተር ሲሉኝ ሰምቶ ጉልበቱን ሊያሳየኝ መጣ። የስታቲስቲክስ ዶክተር እንደሆንኩ፣ ዩኒቨርሲቲ እንደማስተምር ነገርኩት። «ታዲያ ጉልበት አያዩም?» አለኝ። የብዙ ሰው ጉልበት ከሆነ አማካዩን ልነግረው እንደምችል ገለጽኩለት። አልሳቀም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከበረኝ።

ባኪዋን ሊገዛ ሲል መንጃ ፈቃድ ነበረው፣ ገንዘብም ነበረው፤ ያልነበረው የሚያስተማምን ወረቀት ነው። በየስድስት ወሩ የሚታደሰውን የጥገኝነት ወረቀቱን የተሽከርካሪ መዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ሊውጥለት አልቻለም። «ዶክተር፣ ስምዎን ብቻ ነው የምፈልገው» አለኝ፣ አንድ ስኒ ስኳር እንደሚዋስ ጎረቤት። ስሜን ሰጠሁት። ስም ምን ያልቃል?

ወረርሽኙ ሲመጣ የምኖረው ከዮቪል ከፍ ብሎ ባለ አፓርታማ ነበር። ቀን ከቀን አይለይም። ማክሰኞ ነው ብዬ የተነሳሁበት ቀን ሐሙስ ሆኖ ይገኛል። ተማሪዎቼ ስክሪኔ ላይ ትናንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ሆነው ይመጣሉ፤ አራት ማዕዘኖቹን ስለ ዕድል ስሌት አስተምራለሁ፤ አራት ማዕዘኖቹ ዝም ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አያለሁ። አንዳንዴ እኔ ነኝ የምሄደው፣ ግድግዳው ነው የሚያየኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው። የላከው፣ ከአንድ ሆስፒታል ትይዩ ያለ የገበያ ማዕከልን የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድር የግል ድርጅት ነው። «ውድ ባለቤት» ብሎ ይጀምራል። «ውድ» የሚለው ቃል በእኛም በእነሱም ቋንቋ የሚወደድም ዋጋው የሚከብድም ማለት የሆነው ለካ በምክንያት ነው! ባኪዋ መቆም ክልክል በሆነበት፣ ቢጫ መስመር በተሰመረበት ቦታ መቆሟን ከነፎቶግራፉ ያስረዳል። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል፦ ማን ሲነዳት እንደነበር ስሙንና አድራሻውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላሳወቁ፣ መኪናዋ በስምዎ ተመዝግባለችና ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ለማቴዎስ ደወልኩለት። «ይቅርታ ዶክተር፣ ቅጣቱን እኔ እችላለሁ። ግን ነገም እዚያው ነው የማቆማት» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቱን አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለሚቀጥለው ጥፋት ቀጠሮ የያዘ ሰው ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

ቃሉንም ጠበቀ። ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ቤት ከዋለ ሰው ምን ይጠበቃል? ፎቶግራፎቹን የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ ደረደርኳቸው። ሁሉም የተነሱት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወቅቱ የጃካራንዳ ዛፍ የሚያብብበት ነበርና፣ በመጀመሪያው ፎቶ ባኪዋ ነጭ ናት፤ በሦስተኛው ጣሪያዋ ላይ ጥቂት ሐምራዊ አበባ ተበትኗል፤ በስድስተኛው ሐምራዊ ምንጣፍ ላይ የተንሳፈፈች ጀልባ መስላለች። አበባ ሲረግፍ አንድም ቀን ወጥቼ ያላየሁ ሴት፣ ንብረቴ በየቀኑ ከሥሩ ቆማ ስትዋብ ማየት ጀመርኩ። አልዋሽም፣ ደብዳቤ የዘገየ ቀን ይከፋኝ ነበር። ማቴዎስንም በየቀኑ ሌላ ሰው አድርጌ አለምኩት፤ አንድ ቀን ፋርማሲ ውስጥ ከምትሠራ ልጅ ፍቅር ይዞታል፣ ሌላ ቀን ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ቦታ እያጠና ነው።

ሰባተኛው ፎቶ ከሕልሜ አነቃኝ። ማቴዎስ ባኪዋ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ጭምብሉን አገጩ ሥር አውርዷል፤ ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ብቻውን ነው። በዚያ ዓመት ስንቱ ሰው ቤቱ ውስጥ ከራሱ ጋር ማውራት እንደጀመረ ሁላችንም እናውቃለን። አእምሮውን ነክቶት ይሆን? ጫማዬን አደረግሁ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ።

ስደርስ ባኪዋ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ስሙን ጠራሁት። ዞር ሳይል፣ «አንዴ ይጠብቁኝ ዶክተር፣ እያዩኝ ነው» አለኝ። አሻቅቤ አየሁ። ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከግራ አራተኛው መስኮት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ መሐረብ ትወዛወዛለች። ከዚያ መሐረቧ ወረደች፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ማቴዎስም ወርዶ ጭምብሉን ወደ ቦታው መለሰ።

ጎጎ ናቸው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ የማቴዎስ ሱቅ ያለችው በእሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ወረርሽኙ ገና እንደጀመረ የውጭ ሰው ሱቅ ይዘረፍ ተብሎ ወሬ ተነስቶ፣ ከሰፈሩ ራቅ ካለ ቦታ ሰዎች ተሰብስበው ሲመጡ፣ ጎጎ የፕላስቲክ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው፣ ሹራባቸውን እየሠሩ፣ «ግቡ፤ ግን መጀመሪያ እኔን አንሱኝ» አሏቸው። ማንም ሊያነሳቸው አልደፈረም። ቁጭ ብሎ ለሰው መቆም እንደሚቻል የተረዳሁት ይህን ሲነግረኝ ነው።

አሁን እሳቸው በሽታው ይዟቸው ተኝተዋል። ልጃቸው ኬፕታውን ናት። ጠያቂ አይገባም፤ ስልክ ይዘው እንዳያወሩ ትንፋሽ የላቸውም። አንዲት ነርስ አልጋቸው የትኛው መስኮት ሥር እንደሆነ ለማቴዎስ ነግራዋለች። ከመንገዱ ላይ ዛፉ መስኮቱን ይጋርደዋል። መስኮቱ የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቢጫው መስመር ላይ። ያውም ባኪ ላይ ሲወጣ።

«መጀመሪያ ሁለት ቀን ማንም አልመለሰልኝም» አለኝ። «በሦስተኛው ቀን መሐረቡ ታየ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ብቀር፣ እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩ ይመስለኛል። ገባዎት ዶክተር?»

ገባኝ። ያልገባኝ ከደብዳቤዎቹ ጋር የመጣውን፣ የነጂውን ስም የሚጠይቀውን ቅጽ ምን እንደማደርገው ነው። ስሙን ብጽፍ ቅጹ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የጥገኝነት ወረቀቱ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ የሚያድሱት ቢሮዎች በወረርሽኙ ተዘግተዋል። ይራዘማል ተብሏል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የሚያስቆም ፖሊስ ሁሉ ዜና አይሰማም። ይህን ስነግረው፣ «ስሜን ይጻፉ። የነዳሁት እኔ ነኝ። በእኔ የተነሳ ውሸት እንዳይጽፉ፣ ጌታ አይወድም» አለኝ። ከእሱ ድፍረት ይልቅ እርጋታው አስፈራኝ።

በማግስቱ ደብዳቤዎቼን አቅፌ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ከፕላስቲክ መከለያ ጀርባ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ማን ነበር የሚነዳት አለችኝ። ባለቤቷ እኔ ነኝ አልኳት። እርስዎ ነዱ ወይ አለችኝ። መንዳት አልችልም አልኩ። ታዲያ መኪናዋ በራሷ ሄዳ ቆመች? አለችኝ፤ መቼም ሰባት ጊዜ ከቆመች እንዲህ ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። ቤት እያለሁ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ መብት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ቢጫ ቀለም ሕጋዊ ትርጉም የሚያወሳ። አንዱም አልመጣልኝም። ሰባተኛውን ፎቶ በመከለያው ሥር አሳለፍኩላትና ነገሩን እንዳለ ነገርኳት፤ ስሙን ብቻ አስቀርቼ።

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከኋላዋ ስልክ ጮኸ፣ አላነሳችውም። «ይህን ሆስፒታል አውቀዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አባቴ ሲተኛ እኛ የምንቆምበት አላገኘንም ነበር።» አባቷ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ በአነጋገሯ ታውቋል። ከዚያ ድምፅዋን ወደ ቢሮው መልሳ፣ ባለቤቷ ኃላፊነቱን በራሷ ከወሰደች የነጂው ስም እንደማያስፈልግ አስረዳችኝ፤ ጥፋቱ ግን ሙሉ በሙሉ በእኔ ላይ ይሆናል። ይሁን አልኩ። ሌላ ቅጽ ሰጠችኝ፤ የይግባኝ ቅጽ። «በሽተኛ ለመጠየቅ» የሚል ሣጥን አለው፤ ከሥሩ «ነጂው ከበሽተኛው ጋር ያለው ዝምድና» የሚል ባዶ መስመር።

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ያልተረጋገጠ መረጃ አትመዝግቡ ስል ኖሬአለሁ። እስክሪብቶዬ ጥቂት አመነታ። ከዚያ «የልጅ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ አንብባ፣ ሎምበሶ ከሚለው ከማቴዎስ የአባት ስም ጋር እንኳ ብታየው እንደምታልፈው በሚያሳውቅ ፊት፣ ማኅተም መታችበት።

የይግባኙ መልስ ሳምንታት ወሰደ። ቅጣቱ ሁሉ ተሰርዟል፤ ለዚህ ጊዜ ብቻ፣ ይላል። መልሱ ሲደርስ ጎጎ ሆስፒታል አልነበሩም። ቤታቸው ገብተዋል፤ ከስተው፣ ድምፃቸው ሰልሎ፣ ግን በራሳቸው እግር። አንድ እሁድ ማቴዎስ በባኪዋ መጥቶ ወሰደኝ። በገዛ መኪናዬ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎጎ ጃካራንዳ በሌለበት ግቢያቸው፣ ፀሐይ ላይ፣ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ማቴዎስ ርቀቱን ጠብቆ ተንበረከከ። ለብዙ ቀን ሲያስበው የቆየ ጥያቄ ነበረውና ዙሉውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለ ጠየቃቸው፦ በዚያ መስኮት ሲያዩት ምን ተሰምቷቸው ነበር?

«በየትኛው መስኮት?» አሉት።

በሆስፒታሉ፤ ከታች፣ ነጯ ባኪ ላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብ።

ጎጎ መነጽራቸውን አውልቀው በብርድ ልብሱ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ አተኩረው አዩት። አምቡላንሱ የወሰዳቸው ቀን መነጽሩ እዚህ አልጋቸው ራስጌ ቀርቶ ነበር። ነርሶቹም በየቀኑ ይቀያየራሉ፤ ማን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

«አንተ ነበርክ እንዴ?» አሉ። «እኔማ አንድ አእምሮው የታመመ ሰው መስሎኝ! ወደ መስኮቱ ሁሉ እጁን ያወዛውዛል፣ አንድም ሰው አይመልስለትም። ሁለት ቀን አየሁት፤ አንጀቴን በላው። ተስፋ በቆረጥኩባቸው ቀናት እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ፣ አንሱኝ፣ መሐረቤን ስጡኝ እላቸው ነበር።»

ጎጎ ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ።

«ምን ላድርግ?» አሉት፤ «ምስኪኑ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውም።»