አያ ማለደ ያላወቀው ነገር

በየሰፈሩ «አላውቅም» የምትባለዋን ቃል ሳይማር ያደገ አንድ ሰው አይጠፋም። በአዘዞ ይህ ዕጣ የደረሰው ለባንቺአየሁ ባል፣ ለአያ ማለደ ነው።

«ሊቀ ጠበብት» ማለደ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ገብቶ ሁለት ዓመት ብሎን አጥብቋል። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ሁሉ የእሱ ነው። «ተዉት፣ አውቀዋለሁ!» ይላል ገና ደጁን ሳይረግጥ። የጎረቤቱን ሰዓት ፈትቶ ሲገጥም ሦስት ጥርሳም መዘውር ተረፈው። «ፋብሪካው ለመጠባበቂያ ያስገባው ነው» አለ። ሰዓቱ ዛሬም ሸጋ አድርጎ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ። ለባንቺአየሁም የሽሮዋን ውኃ ልክ ይነግራታል። «እንግዲያ ወጡንም ፍታውና ግጠመው!» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠነከረ። የባንቺአየሁ እናት፣ እማማ ለተ ማርያም፣ ጉልበታቸውም ጆሯቸውም ደክሞ፣ ሦስት ንግሥ ሙሉ ከደብሩ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ስብከቱን ሳይሰሙ ተመልሰዋል። «እንግዲህ ሳልሰማ መሞቴ ነው» ሲሉ የባንቺአየሁን አንጀት በሉት። ማለደ «ተዪው፣ አውቀዋለሁ» አለና ከአንድ ነጋዴ ድምፅ ማጉያ ተውሶ፣ ከማኪና ባትሪ ጋር በአህያ ጭኖ መጣ። የማጉያውን ጡሩንባ ከአማቱ ራስ በላይ፣ ወይራው ላይ ሰቀለው።

በንግሡ ዕለት ሰባኪው መሪጌታ ወልደኢየሱስ ተነሡ። ሕዝቡ ባይንጫጫ ኖሮ ያለ መሣሪያ ጎረቤት ከተማ ጠዳ ድረስ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ማይክሮፎኑን ከከንፈራቸው ገጥመው፣ ያላቸውን ድምፅ ሁሉ አውጥተው «በስመ አብ!» አሉ።

የድምፁን ልክ የምታሳየው የመሣሪያው መርፌ ተወርውራ ቀዩ ምልክት ላይ ተለጠፈች። ጡሩንባው «ግርርር!» አለ።

ማለደ አጠፋው፤ አሳርፎ አበራው። መርፌዋ ጨዋ ሆና ዜሮ ላይ ተኛች። «አላልኳችሁም?» አለ። መሪጌታ ያልተሰሙ መስሏቸው የባሰ ጮኹ። «ግርርርር!»

የመሣሪያውን አምፖል ቀየረ፣ ሽቦ ላጠ፣ ባትሪ ፈትቶ አሰረ። አጥፍቶ ባበራው ቁጥር መርፌዋ ትመለሳለች፤ መሪጌታ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀዩ ላይ ትጣበቃለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ የሻው፣ «ምነው፣ ይህን ጋኔን አታወርዱትም?» አሉ።

ማለደ ላቡን ጠርጎ ከአማቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ አላወቅሁትም» አለ ቀስ ብሎ።

ባንቺአየሁ ክው አለች። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ያችን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም፤ የቤቷ ምሰሶ የወለቀ መሰላት።

እማማ ለተ ግን ሰምተውታል። «አየህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ነገርኸኝ፣ ሰማሁህ። ሰው ደንቁራለች ብሎ ከጆሮዬ ሥር ሲጮህብኝ ግን ጩኸት እንጂ ቃል አይገባኝም። መሣሪያውም እንደኔው ሆኖ እንዳይሆን» አሉት።

ማለደ ብድግ አለ። መሪጌታን «ቀስ ይበሉ» ብሎ የደፈረ ሰው በአዘዞ አልነበረም፤ እሱ ደፈረ። ማይክሮፎኑን አንድ ክንድ አራቀና «የኔታ፣ አጠገብዎ ላለ ሰው እንደሚያወሩት» አለ። መሪጌታ ፊታቸውን አኮሳትረው በለሆሳስ «በስመ አብ» አሉ። መርፌዋ መሐል ላይ ወዝወዝ አለች። ቃሉ ከወይራው ላይ ጥርት ብሎ ወረደ። እማማ ለተ «ወወልድ» ብለው ተቀበሉ፤ እንባቸው ጉንጫቸውን አራሰው።

ስብከቱ አልቆ ሲወጡ ሰው ማለደን ከበበው። «ምን ሆኖ ኖሯል?»

«ምን ይሆናል? የሚገባው ድምፅ በዝቶበት ነው። እኔማ መጀመሪያውኑ አውቄዋለሁ፤ የኔታን ላለማሳፈር ብዬ ነው እንጂ!»

ባንቺአየሁ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ክንዷን ቆንጠጥ አደረጓት። ባሏን አየችው፤ አንገቱ እንደ ድሮው ቀና ብሏል። «እሰይ፣ ተመለሰልኝ» አለች በሆዷ።

ከዚያም ሰው ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ፣ «ድሮስ እሱ ምን የማያውቀው አለ!» አለች።